ባዶውን የማይመለስ ድስት

ኪኑዮ በጃፓን፣ ማትሱኤ በምትባል ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጃንጥላ ስትጠግን የኖረች ሴት ናት። ባለቤቱ ተመልሶ ያልመጣለት ጃንጥላ ሁሉ ቤቷ ቀረ። በዚያ ላይ የሟች ባሏ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች፣ የአማቷ መቀመጫ ትራሶች፣ አራት የጋዝ ማሞቂያ። በመተላለፊያው በጎን ካልሆኑ አይታለፍም።

ጎረቤቷ ማሳኤ ግን ጡረታ በወጣች በዓመቱ ቤቷን ጠራርጋ ባዶ አደረገችው። የቀረው ሁለት ሲኒ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ጫማውን እያወለቀ ገባና ያንን ባዶ አይቶ እያደነቀ ወጣ። ኪኑዮም ገብታ አየች። እውነትም እፎይ ያሰኛል፤ ያንገበገባት እሱ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ እንዲወስደው የሚጣል ዕቃ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ገዝታ አንዱ ማሞቂያ ላይ ለጠፈች። ማሞቂያው እንዲወጣ ጃንጥላዎቹ መነሳት አለባቸው፤ ባለቤቶቹ ቢመጡስ? ወረቀቱን ልጣ መሳቢያ ውስጥ አኖረችው።

ማሳኤ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር በአጥሩ ላይ ብቅ ትላለች። ትራስ ትዋሳለች፣ መሰላል ትዋሳለች፣ ትልቁን የሸክላ ድስት ትዋሳለች።

«የራስሽን ለምን ጣልሽው ታዲያ?» አለቻት ኪኑዮ አንድ ቀን።

«ያንቺ አለ ብዬ ነዋ።»

በመጸው የመጽሔት ሰዎች የማሳኤን ቤት ፎቶ አንስተው ሄዱ። ያን ጊዜም ድስቱ እሷ ዘንድ ነበር። የተዋሱትን ድስት ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ ማሳኤ ቤት ደግሞ ውስጡ የሚጨመር ነገር የለም። ስለዚህ መጽሔቱ ሲወጣ አንዱን ጠቅልላ ድስቱ ውስጥ ከተተችና መለሰችው።

ኪኑዮ መጽሔቱን ገለጠችው። ባዶ ክፍል መሃል የሷ ድስት ብቻውን ተጎልቷል። ከሥሩ «ወይዘሮ ማሳኤ ልትጥለው ያልቻለችው አንድ ዕቃ» ይላል። እንደዚያ የሚያምር ድስት እንዳላት በሠላሳ ዓመት አላወቀችም። በገዛ ድስቷ ቀናች።

በሳምንቱ ማሳኤ መሰላል ፈልጋ መጣች። ኪኑዮ በሩን ገርበብ አድርጋ በክፍተቱ ቆመች።

«ጣልኩት።»

«አንቺ? ጣልሽው?»

«እኔም ቀለል ልበል ብዬ ነው ማሳኤ።»

«ድስቱስ?»

«እሱም ወረቀት ተለጥፎበታል።»

ይሄኛው እንኳ እውነት ነው፤ ጠዋት ከመሳቢያው አውጥታ ለጥፋበታለች። ማሳኤ ፊቷ ልውጥ አለ። ዞራ ሄደች። ኪኑዮ እንደዚያ ደስ ያላት ቀን ትዝ አይላትም። በጀርባዋ ደግፋ የያዘችውን መሰላል ቀስ ብላ ለቀቀችው። መሰላሉ ጃንጥላዎቹ ላይ ወደቀ፣ ጃንጥላዎቹ ዘንጎቹ ላይ፣ ዘንጎቹ ማሞቂያው ላይ።

ከአጥሩ ማዶ የማሳኤ ድምፅ መጣ።

«ቀለል ሲልሽ እንደዚህ ነው የሚጮኸው?»