ለፈሃድ የታዘዘው ባክቴሪያ

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ተራዬን ስጠብቅ፣ አንዲት ወጣት እናት ነርሷን "ይኼ መድኃኒት ልጄን ያድነዋል?" ስትላት ሰማሁ። ነርሷ "አዎ፣ አዎ" ብላ ወደ ቀጣዩ በሽተኛ ዞረች። ማዳም ኑራ ትዝ አለችኝ።

ገና የሃያዎቹን ዕድሜ ሳላጋምስ ኩዌት፣ ቁርጡባ የሚባል ሰፈር ውስጥ እሷ ቤት እሠራ ነበር። ማዳም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይጦች ላይ ምርምር የምታደርግ ሳይንቲስት ነበረች። ፈሃድ የሚባል ትንሽ ልጅ አላት። አቧራው ሲነሳ ደረቱ ይዘጋል፤ ብርዱ ሲገባ ሳሉ ወደ ሳንባ ምች ይዞራል። በሻፍሮን የተሠራ ሩዝ በዶሮ ነፍሱ ነው፤ ሲታመም ግን እሱንም ይገፋዋል። በዚያ ዓመት ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ፣ ሐኪሙ ከሞቱ ባክቴሪያዎች ስብርባሪ የተሠራ ካፕሱል አዘዘለት።

የማዳም እናት ሐጃ ሙኒራ ጮኹ። "ልጁን በሽታ ልታበይው ነው?"

ማዳም ካፕሱሉን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ካፕሱሉም ሳይከፈት ቀናት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት ለፈሃድ ሾርባ ካሮት ስከትፍ ወጥ ቤት ገብታ ወንበር ሳበች።

"ማዳም፣ ለምን አትሰጪውም?" አልኳት።

"ፈርቼ ነው" አለችኝ። ከዚያ እንደ ተማሪዋ ቆጥራኝ አስረዳችኝ። መቅኔያችን ውስጥ ቢ ሴል የሚባሉ የደም ሴሎች ይወለዳሉ፤ ሲያድጉ ጀርሙን አንቀው የሚይዙ መከላከያዎች ያመርታሉ። የባክቴሪያው ስብርባሪ ሲደርስ ሰውነት ጠላት የመጣ መስሎት ይነቃል። "አይጦቼን ይህን መሰል ስብርባሪ በብዛት ስወጋቸው ግን መቅኔያቸው ውስጥ ያሉት ጨቅላ ሴሎች ተመናመኑ። ደነገጥኩ። ቆይተው ተመለሱ። የፈሃድ መጠን ትንሽ ነው፣ የሚወስደውም በአፍ ነው። ቢሆንም ልጄ ነው።"

ሐኪሙ ጋ ተመልሰን ሄድን፤ ያልገባትን ሁሉ ሳታፍር ጠየቀችው። ቤት ስንገባ የእናቷን ግንባር ሳመች።

"ይጠቅመዋል ብዬ አስባለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። እየተከታተልኩት እሰጠዋለሁ" አለቻቸው። ሐጃ አለቀሱ፣ ግን አልከለከሉም። ጠዋት ጠዋት ካፕሱሉን ከፍቼ ዱቄቱን በእርጎ የምበጠብጥለት እኔ ነበርኩ።

በቀጣዩ ብርድ ፈሃድ ትንሽ አሳለው፤ አልጋ ሳይዝ ተሻለው። ሐጃ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ አዳነችው!" ሲሉ ማዳም ወደ እናቷ ዞራ ሳቀች።

"ምናልባት አድጎም ይሆናል፣ ኡሚ። አንድ ልጅ አይቼ አልፈርድም።"

ዛሬ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ብዙ የተማረ ሰውም አይቻለሁ። በገዛ ልጇ ጉዳይ፣ ያውም ሁሉ ሲያመሰግናት፣ እርግጠኛ አይደለሁም የምትል ሌላ ሰው ግን አላየሁም። ፈሃድን ምን እንደረዳው እስካሁን አላውቅም። እሷን የመሰለች እናት ያለችው ዕድለኛ ልጅ እንደነበረ ግን አውቃለሁ።