ወርቅ አይቀሰቀስም

ቤተ ሙከራው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ቀስቃሽ» ነው የሚሏት። ሥራዋ ዱቄት መቀስቀስ ነውና። ቀልድ ይመስላል፤ ግን እንዲህ ነው። እዚያ የሚሠራው ካታሊስት ነው፤ ሌሎች ነገሮች ቶሎ እንዲዋሃዱ የሚያግዝ፣ ራሱ ግን የማያልቅ ነገር። ነጭ የኦክሳይድ ዱቄት በፕላቲኒየም ጨው ይረሰርሳል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ቱቦ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ሃይድሮጅን እየነፈሰበት በኃይል ይግላል። ያኔ ጨውነቱ ይለቀውና ንጹሕ ብረት ሆኖ ሥራ ይጀምራል። ይሄን ነው «ተቀሰቀሰ» የሚሉት። ቀስቃሽ ጸጉሯ የሸበተው በዚያ ምድጃ ፊት ነው።

ቤት ስትገባም ሥራዋ ያው ነው። አብሯት የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ብርድ ልብሱን ካልገፈፈችው አይነሳም። እሱ ከአንድ ሕንፃ ሥር ያለ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው መግቢያው ላይ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው፤ መኪናው ሁሉ እዚያች ጋ ቆሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በሩ እስኪከፈትለት ይጠብቃል። ከጭሱ ጋር የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይታይም፣ አይሸትም። ወንድሟን ራሱን ይፈልጠዋል፣ ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ይዞ ይቆማል። ሐኪሙ «ወይ አየሩን ቀይር፣ ወይ ሥራውን» ብሎታል። ሥራ ከየት ይምጣ? ተቆጣጣሪው እንኳ «አንድ ቀን ደግመህ ብታረፍድ በዚያው ቅር» ካለው ሰንብቷል።

ወርቁ የመጣው በዚህ መሐል ነው። አለቃዋ፣ በዕድሜ የምታንሳት ኬሚስት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ያለ ምንም እሳት የሚያቃጥል፣ ወርቅ ያለበት ዱቄት ልትሞክር አሰበች። ዱቄቱን የያዘው የመጀመሪያው የአየር ማጣሪያ የቀስቃሽ ወንድም በሚቀመጥባት የመስታወት ክፍል ውስጥ እንዲገጠም ተስማሙ። ቀስቃሽ ማታውኑ ነገረችው።

«ወርቅ?» አለ፤ «እትዬ፣ ለአንገቴ ያላገኘሁትን ላፍንጫዬ!»

«አንተ ሳቅ። ዋናው መተንፈስህ ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ እውነትም ያስገርማል። ወርቅ ሰነፍ ብረት ነው። የጣት ቀለበት ዕድሜ ልክ አየር ቢነካው አይዝግም፣ ከምንም ጋር አይዋሃድም። ለዓይን በማይታይ ቅንጣት ከፋፍላችሁ፣ ቀለም ውስጥ በሚገባው በነጩ በታይታኒየም ኦክሳይድ ላይ ብትበትኑት ግን ጠባዩ ይለወጣል። ብዙው ሥራ የሚሠራው ወርቁ ከኦክሳይዱ ጋር በሚነካካበት ጠርዝ ላይ ነው። መርዙ ወርቁ ላይ ያርፋል፣ የአየሩ ኦክስጅን እዚያው ድንበር ላይ ያገኘዋል፣ ሁለቱ ተዋህደው ሌላ ጋዝ ሆነው ይሄዳሉ፤ ከቀድሞው እጅግ የሚሻል። ስለዚህ ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ጠርዙ ይበዛል። ችግሩ፣ ኦክሳይዱ ወርቅን አጥብቆ አይዝም። ሙቀት ሲበዛበት ቅንጣቶቹ መስኮት ላይ እንዳለ የዝናብ ጠብታ ይንሸራተታሉ፣ ይገናኛሉ፣ አንድ ትልቅ ይሆናሉ። ጠርዙም ይጠፋል። መልሶ የሚበትናቸው ቀላል ዘዴ የለም።

አለቃዋ ዱቄቱን ራሷ አዘጋጅታ፣ አጥባ፣ አድርቃ ሰጠቻት። ለስብሰባ እየሮጠች በበሩ በኩል «እማማ፣ ነገ ይቀስቅሱልኝ!» አለች፤ ወጣች።

ለአለቃዋ ቃሉ «ያዘጋጁልኝ» ከማለት አይለይም ነበር፤ ለብ ያለ ሙቀት ማለቷ ነው። ለቀስቃሽ ግን ቃሉ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። በማግስቱ ምድጃውን እንደ ወትሮው አጋለች። ለወንድሟ ነውና እንዲያውም ትንሽ ጨመረችበት።

ሲወጣ ዱቄቱ ቀለሙ ሌላ ነበር። ቀላል ሐምራዊ መሆን ሲገባው ጠቁሮ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። አለቃዋ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች።

«ምን ያህል አጋሉት?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ። ቀስቅሺው አላልሽኝም?»

«ወርቅ እኮ አይቀሰቀስም፣ እማማ!» ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር፤ ወዲያው ወረደ። «ቃሉ የእኔ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ለማንኛውም ብለው መርዙን አሳለፉበት። እንደገባ ወጣ። ዱቄቱ የሚሠራበት የወርቅ ፈሳሽ አልቋል፤ ሌላ ለማዘዝ ከበላይ ፈቃድ ጠየቁ፤ መልሱ «አይሆንም» ነበር።

ወንድሟ ሲሰማ ለመሳቅ ሞከረ። «ተዪው፣ እትዬ። ድሮም ወርቅ አይበረክትልኝም።» ሳቁ መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሮት ግድግዳውን ያዘ።

ጠዋት እንደ ልማዷ ከአልጋው አጠገብ ቆመች። እጇ ብርድ ልብሱን ያዘ። ወንድሟ አፉን ከፍቶ ከበድ ከበድ አድርጎ ይተነፍሳል። ለቀቀችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ውጭ የመኪናው ድምፅ እየበዛ፣ ብርሃኑ በመጋረጃው እየገባ፣ ሰዓቱ አለፈ።

ሲነቃ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ነበረች። ዘሎ ተነሳ።

«እትዬ! ምነው? ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

ጫማውን ሳያስር ሮጠ።

እኩለ ቀን ሳይሞላ የዘበኝነት ቆቡን በእጁ ይዞ ተመለሰ። መስኮቱን ከፈተና ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። እሷም ከኋላው ሆና ትከሻው ሲነሳና ሲወርድ ታይ ነበር።