መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈችው ካሜራ

ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት ፎቶ አንሺ ሆኜ ስሠራ ሁለት ካሜራዎች ነበሩን። ሁለቱም ኪስ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ዲጂታል ናቸው። አንዷ ብርማ ቀለም ያላት፣ ርካሽ፣ ለልደት ፎቶ የምትሆን፤ ቁልፏን ከመጫን በቀር ምንም አታስነካም። ሌላዋ ጥቁር፣ ወፈር ያለች፤ ሌንሷ ብዙ ብርሃን ያስገባል፣ ፍጥነቷንም በእጅ ማስተካከል ይቻላል። ጥቁሯን አለቃዬ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣት ነበር።

«የሁለቱም ሜጋፒክስል እኩል ነው። ምን ያነጫንጭሃል?» ይለኛል።

ቀን በፀሐይ ልዩነታቸው እምብዛም አይታይም፤ ሲመሽ ግን ብርማዋ ዕውር ናት። ስንቴ አስረዳሁት!

አንድ ክረምት አዋሽ ሞልቶ የጥጥ እርሻዎቹን አጥለቀለቀ። ከደጋ የመጡ የቀን ሠራተኞች በውሃ ተከበው የአፈር ክምር ላይ ቀርተዋል የሚል ወሬ ደረሰን። ጀልባ የሚልከው ኮሚቴ ማስረጃ ስለፈለገ፣ ፎቶ አንስቼ እንድመጣ ታዘዝኩ።

«ጥቁሯን ይስጡኝ፤ እስክደርስ ይመሻል» አልኩት አለቃዬን።

«አዋሽ ሰባት ኪሎ ስብሰባ አለኝ፤ ይዣት እሄዳለሁ። እንግዶች አሉ።»

መኪናችን ጭቃ ይዟት ስንደርስ ዓይን ያዝ አድርጎ ነበር። ሰዎቹ ከውሃው ማዶ ተጠጋግተው ቆመዋል። ልጅ ያዘለች ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ እንታያለን?» አለችኝ።

«ትታያላችሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ያለ ፍላሽ ሳነሳ ሁሉም ነገር ተደባለቀ። በፍላሽ ሳነሳ አጠገቤ ያለው ሣር ነጭ ሆነ፣ ከኋላው ድፍን ጨለማ። ክርኔን መኪናው ላይ አስደግፌ ሞከርኩ። አልሆነም።

በማግስቱ ጠዋት የኮሚቴው ሰብሳቢ ፎቶዎቹን አይቶ፣ «ሰው የታለ? ይሄ እኮ ሣር ነው» አለ።

«በዓይኔ አይቻቸዋለሁ! ሕፃናት አሉ!»

«እስቲ ይጣራ።»

ሲጣራ ዋለ። ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ከስብሰባው ተመልሶ ካሜራዋን ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ከፈትኳት። ጥብስ። የለስላሳ ጠርሙሶች። እሱ ራሱ ከእንግዶቹ ጋር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብርማዋም አሳምራ የምታነሳውን። ደሜ ፈላ።

«ለዚህ ነው የከለከሉኝ? ሰዎቹ ውሃ መሃል ናቸው እኮ!»

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ።»

«አላደርግም!»

ካሜራዋን ይዤ ወጣሁ። ጩኸቱን የሰማው ሹፌር ሞተር አስነስቶ ጠበቀኝ። እዚያው ቦታ የደረስነው እንደ ትናንቱ ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው፤ ግን በዚህኛዋ ፊታቸው አንድ በአንድ ወጣ። በቀጥታ ሰብሳቢው ቤት ሄጄ አሳየሁት። አየና ስልኩን አነሳ።

ጀልባዎቹ ጎህ ሲቀድ ሄዱ። ሁሉም በሕይወት ወጡ። ያቺ ሴት ያዘለችው ልጅ ግን ያን ድፍርስ ውሃ ሲጠጣ ሰንብቶ፣ ተዝለፍልፎ በሰው እጅ ነው የወጣው። ተመስገን፣ ዳነ። አንድ ቀን ቀድመን ብንደርስ ግን ያ ሁሉ ለምን ይመጣበት ነበር?

ንብረት ያለ ፈቃድ ወስደሃል ተብዬ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ፎቶው ደግሞ በትልቁ ታትሞ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። አንድ ቀን አለቃዬ እንግዳ አቁሞ፣ «ጥሩ ካሜራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ እኔ ነኝ ያስገዛኋት» ሲል ሰማሁት። እንግዳው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

በሩን ወርውሬ ዘግቼው ወጣሁ። ዛሬም ሳስታውሰው ጥርሴን እነክሳለሁ።