ፕላስቲክ የለበሱት ካርዶች

አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ያን ሳምንትም አልጮኽኩም፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

የድሮ የቤዝቦል ካርድ መሰብሰብ ያስለመዱኝ፣ አሜሪካ፣ መሃል ዴንቨር በምሠራበት ፓርኪንግ ጋራዥ በር የሚጠብቁ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው። ከሊትልተን በባቡር ይመላለሳሉ። ካርዱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በሲጋራና በማስቲካ ፓኬት ውስጥ ይገባ የነበረ፣ የተጫዋች ሥዕል ያለበት ትንሽ ወረቀት ነው። እውነቱን ለመናገር ጨዋታው ዛሬም አልገባኝም። ግን ስንት እጅ ዞሮ ሳይቀደድ እዚህ የደረሰ ወረቀት እኮ ነው! በስድስት ዓመት ዐሥራ አንድ ሰበሰብኩ።

አንዱን ተጠራጠርኩት፤ በቅርብ የታተመ ቅጂ መሰለኝ። ሽማግሌው "ከእውነተኛው ጎን አስቀምጠህ እየው" ብለው የራሳቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። አባታቸው ልጅ ሳሉ ከሲጋራ ፓኬት ያገኙት፣ ሲሞቱ ለእሳቸው የተዉት ካርድ ነው። አንዱ ጥግ በአባትየው አውራ ጣት ተሻሽቶ ሳስቷል። እሳቸውም ሲያወሩ እዚያችው ጥግ ላይ ነበር ጣታቸው። "ሰኞ ትመልስልኛለህ" አሉኝ።

አውሮራ፣ ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ያለው አፓርታማችን ውስጥ አባቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። አገር ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ መዝገብ ቤት ነው የሠሩት። የልደት ሰርተፊኬቴን፣ የስምንተኛ ክፍል ውጤቴን፣ የእናቴን ፎቶ፣ ያገኙትን ሁሉ በፕላስቲክ ላሚኔት ያስደርጋሉ። ይህን እያወቅኩ፣ የእኔ ካርድ እውነተኛ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ የእኔን ካርዶቼን ወደማስቀምጥበት ካርቶን መልሼ የሽማግሌውን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ሥራ ሄድኩ። ወይ ጅልነት!

ስመለስ አባቴ "ና እስቲ፣ ጉድ ላሳይህ" አሉኝ። የሽማግሌው ካርድ በፕላስቲክ ታሽጎ፣ ዙሪያው ተከርክሞ ያብረቀርቃል። በእግራቸው ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ ሄደው ነው ያሠሩት።

"ጥጉ ሊያልቅ ነበር፤ ደረስኩለት" አሉ።

ደረስኩለት! በትኩስ ፕላስቲክ የታሸገ ካርድ አለቀለት፤ ልላጠው ብትል ሥዕሉም አብሮ ይነሳል። ደሜ ፈላ። ጠረጴዛውን ልገለብጠው ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ደግሞ ፈገግ ብለው ምስጋና ይጠብቃሉ።

"ምነው፣ አላማረህም?"

"የሰው አደራ ነው፣ አባዬ" አልኩ።

"አደራ ከሆነማ ጭራሽ ደግ አደረግኩ!"

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ሰኞ ካርዱን ለሽማግሌው ሰጠሁ። "ማነው እንዲህ ያደረገው?" አሉኝ። አባቴን ለፈረንጅ አሳልፌ ልስጥ? "እኔ ነኝ" አልኩ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። በአውራ ጣታቸው ያቺን ጥግ ፈለጉ፤ ፕላስቲኩን ዳበሱ፤ እንደገና ዳበሱ። ከዚያ ኪሳቸው ከተው ወደ በራቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በእጃቸው ሰላም ከማለት በቀር አናግረውኝ አያውቁም።

ቤት ስደርስ አባቴ በር ላይ ጠበቁኝ። "ሰውየው ምን አሉ?"

እውነቱን ብነግራቸው ወር ሙሉ እህል አይቀምሱም። በሽማግሌውም፣ በእሳቸውም፣ በራሴም ተናድጄ፣ ነገሩ እንዲያበቃ ብቻ "በጣም ነው ደስ ያላቸው" አልኩ።

በማግስቱ ከሥራ ስገባ ካርቶኔ ባዶ ሆኖ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዐሥራ አንዱም ካርዶቼ ጠረጴዛው ላይ በተርታ ያብረቀርቃሉ። አባቴ ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም።

"ለባዕድ አድርጌ ለልጄ ልነፍግ ነው እንዴ?" አሉ።