ስንሻውን ፍለጋ ከቢቸና እስከ ሞጣ

ከቢቸና የተነሣሁት አስተርእዮ ማርያም ባለፈ በማክሰኞው ነው። ልጄ ስንሻው ወታደር ነው። ጦሩ ለልምምድ ሞጣ አጠገብ መስፈሩን፣ ከዚያም ወደ ኦጋዴን ሊወርድ መሆኑን በደብዳቤ ነገረኝ። አባቱ ሞቷል፤ ሌላ ልጅ የለኝም። ለጎረቤት «ለስንቁ ዳቦ ቆሎ ላደርስለት ነው» አልኩ እንጂ፣ በልቤ የያዝኩት አለቃው እግር ላይ ወድቄ ልጄን ወጥ ቤት እንዲያስቀርልኝ መለመን ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ከቄሱ ወንድሜ ነው፤ ብዙም አልዘለቅሁ። ይህን የጻፍኩት ያንኑ መንገድ ለምትሄዱ እናቶች ነው።

እስከ ደብረ ወርቅ በጨው መኪና ሄድኩ። ጆንያ ላይ ለመቀመጥ ብር ከስሙኒ ከፈልኩ። አቧራው ቅንድቤን አነጣው። ደብረ ወርቅ ዘመድ ቤት አደርኩ።

ረቡዕና ሐሙስ በእግር

ከዚያ ወዲያ መኪና አላገኘሁም። እትዬ ዘሃራ ከምትባል የሞጣ ነጋዴ ጋር ተጓዝኩ፤ ጥጥ የጫኑ ሁለት አህዮች ነበሯት። ጤፉ ታጭዷል፤ ሜዳው ገለባ ብቻ ነው። ወንዙ ዳር ስናርፍ እኔ በሶዬን በጨው በጠበጥኩ፣ እሷ ቆሎ ዘረጋች።

«ዝገኚ፣ ቆሎ ሃይማኖት የለውም» አለችኝ። «ደግሞ ምነው? ከተነሣን ጀምሮ ትተነፍሻለሽ እንጂ አታወሪ።»

የልጄን ነገር ነገርኳት። «ወንድ ልጅ ነው፤ ዳቦ ቆሎውን ሲሸተው ራሱ ይመጣል» ብላ ሳቀችብኝ። ጉንደ ወይን አድረን ሐሙስ ሲመሽ ሞጣ ገባን። ቤቷ አሳረፈችኝ።

ዓርብ፣ ከሞጣ ውጭ

ልምምዱ ያለበትን ጉብታ ሰው አሳየኝ። ስደርስ ሜዳው ባዶ ነው። ታች ደረቅ ፈፋና ቁጥቋጦ አለ፤ ከዛፍ ሥር አንድ ወታደር ደብተር ይዞ ቆሟል። ሌላ ሰው አጣሁ። እኛ አገር ሰው ሲጠፋ ከጉብታ ላይ ይጠራል፤ እኔም ነጠላዬን አጥብቄ ተጣራሁ።

«ስንሻው! አንተ ስንሻው!»

«አቤት፣ እማ!»

ልጄ ከቁጥቋጦ መሐል ብድግ አለ። ግራና ቀኙ ሰባት ራስ ተከትሎት ብቅ አለ። ከማዶ ጠላት ሆነው የሚጠብቁት ወታደሮች «አገኘናችሁ! ሞታችኋል!» እያሉ ፈነደቁ። ለካ ስምንቱ አንድ ጓድ ናቸው፤ ሳይታዩ ፈፋውን ተሻግረው ከማዶዎቹ ጀርባ መውጣት ነበረባቸው።

ደብተር የያዘው ሃምሳ አለቃቸው ነው። መጀመሪያ እነሱን ተቆጣ። «ሚዜ ናችሁ እንዴ ተያይዛችሁ የምትሄዱት? መራራቁን ስንቴ ላስተምራችሁ!» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «እናቴ፣ አንድ አቤት ስምንት ሰው ገደለ።»

እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። አነሣኝ። «እኔም ተጠርቶ ብድግ የሚል ሰው ይዤ ድንበር አልወርድም። ነገ እንደገና ይሻገራሉ፤ እንደ ዛሬው ይጥሩት። አቤት ካለ ወጥ ቤት ይቀራል።»

የፈለግሁት በእጄ ገባ ብዬ ደስ አለኝ።

ከሰዓት ስንሻውን አገኘሁት። ጓደኞቹ ስሙን «አቤት» ብለውታል፤ «አቤት፣ ወጡን አማስለው!» ይሉታል።

«እማ፣ ምን ነካሽ?» አለኝ።

«ጠራሁህ እንጂ ተነሥ አልኩህ?»

«ልጅ ሆኜ አቤት ለማለት ስዘገይ በኩርኩም አልነበር የምትይኝ!» አለቃው ያለኝን ስነግረው ዳቦ ቆሎውን ለጓደኞቹ አደለ። «እነሱ ወርደው እኔ ወጥ ቤት አልቀርም።»

ቅዳሜ

አለቃው አጠገብ ቆሜ አየሁ። አራቱ ተኝተው ሲጠብቁ አራቱ ጎንበስ ብለው ይሮጣሉ፤ እነዚያ ሲተኙ እነዚህ ይነሣሉ። በሁለት ሰው መካከል ጥማድ በሬ ያሳልፋል። ወሬ የለም፤ በእጅ ምልክት ብቻ ነው። ፈፋው ውስጥ ገብተው ጠፉብኝ።

«አሁን ይጥሩት» አለኝ።

ጠራሁ። ዝም። ደገምኩ። ዝም። ፈራሁ፤ አቤት ሳይል ሊሄድብኝ ነው። ያልታዘዝኩትን ጮህኩ።

«ስንሻው! ወደቅሁ! እግሬ ተሰበረ፣ ልጄ!»

አንድ ቅጠል አልተነቃነቀም። አለቃው ዞሮ አየኝ። መሬት መሬቱን አየሁ። ጥቂት ቆይቶ ከማዶ ፉጨት ተሰማ፤ ስምንቱም ከጠባቂዎቹ ጀርባ ቆመዋል።

ስንሻው እየሮጠ መጣ፤ ፊቱ አፈር ብቻ ነው።

«እውነት ወድቄ ቢሆንስ?» አልኩት።

«አንቺ ስትወድቂ አትጮሂም። ከጎተራው የወደቅሽ ለት እስከ ማታ አልተናገርሽ። ድምፅሽን ሰምቼ፣ ፈርታ ነው አልኩ።»

እሱም ፊቱን አዞረ፣ እኔም አዞርኩ።

መልስ

በመጣሁበት መንገድ ተመልሼ ረቡዕ ቢቸና ገባሁ። ለምትሄዱ፦ ከደብረ ወርቅ ወዲያ ጓደኛ ሳትይዙ አትነሡ። ስንቅ ለስምንት ሰው ያዙ። ሰፈሩ ስትደርሱ ጠባቂውን ጠይቁ እንጂ ከጉብታ ላይ አትጣሩ። እኔ ልጄን ከሞት የማስጥለው አጠገቤ በማስቀረት ይመስለኝ ነበር። ፍርሃቴ አሁንም አለ፤ ልጄ ግን ፍርሃቴን ለይቶ ያውቀዋል።

ጎረቤቴ ደጅ ጠበቀችኝ። «እንዴት ነው? ልጅሽን አገኘሽው? ስትጠሪው አቤት አለሽ?»

«አላለኝም» አልኳት። «ተመስገን።»