ወንዙን ያልተሻገረው ቃሬዛ

በጃንሆይ ዘመን፣ ከጋይንት ቤተ ልሔም ቁልቁል በምትታይ አንዲት መንደር እንየው የሚባል ገበሬ ይኖር ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ እርሻውም ከጎረቤቱ ሁሉ ቀድሞ የሚያልቅ ብርቱ ሰው ነበር። ደቦ አይጠራም፤ ደቦም አይሄድም። ገብሱን ብቻውን ያጭዳል፣ ብቻውን ይከምራል፣ ብቻውን ይወቃል። “ክንዴ ይበቃኛል” ይላል፤ ሲልም እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ ነው።

እንዲህ የሆነው እንዲያው በባዶ አልነበረም። አባትና እናቱ በአንድ ክረምት ሞተውበት ያደገው በአጎቱ ቤት ነው። አጎቱ አላስራበውም፤ ነገር ግን ባጎረሰው ቁጥር “የማንን እንጀራ ነው የምትበላ?” እያለ ይጠይቀው ነበር። ልጁም መልሱን ከጉርሻው ጋር እየዋጠ አደገ። ጎጆ በወጣ ጊዜ፣ ከእንግዲህ ወዲያ ሰውን “እባክህ” አልልም ብሎ በልቡ ማለ።

ሚስቱ ሐረገ ወይን ይህን ታውቃለች። ስለምታውቅም ታዝንለታለች እንጂ አትቆጣውም።

በዚያ አገር የጠናበት በሽተኛ ወደ ጠበልም ሆነ ወደ ሐኪም የሚሄደው በቃሬዛ ነበር። ሁለት ረጃጅም እንጨት በጠፍር ይጠላለፍና በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተሰቅሎ ይቀመጣል። አንድ ሰው ከጉብታ ላይ ሲጣራ፣ የሰማ ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ ይመጣል። ያኮረፈ እንኳ ቢሆን ትከሻውን አይነፍግም።

አንድ ሰንበት፣ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ ጎረቤቱ ይሁኔ ያረጀውን ጠፍር ሊያስቀይር ከየአባወራው ቁራጭ ቆዳ ይለምን ጀመር።

“እንየው፣ አንተስ?”

“እኔ በቅሎ አለችኝ። ቃሬዛችሁን ለራሳችሁ።”

“ስትሞትስ? በበቅሎ ተቀምጠህ ልትቀበር ነው?”

“ጉድጓዴንም ራሴው ቆፍሬ እገባለሁ።”

“አፈሩን ማን ይመልስብሃል ታዲያ?” አለ ይሁኔ፤ በዋርካው ጥላ የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ።

የእንየው ፊት ደም መሰለ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ተቀመጡት ወደ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ዞረ። “የኔታ፣ ‘በሰው የሚታመን ርጉም ነው’ ብሎ ነቢዩ ኤርምያስ ተናግሯል ያሉን እርስዎ አይደሉም? እኔ በሰው አልታመንም። ጥፋቴ ምንድን ነው?”

መሪጌታው አልተቆጡም። “ልጄ፣ ቃሉን ከመካከሉ ቆረጥኸው። ‘ሥጋ ለባሹንም ክንዱ የሚያደርግ’ ይላል እኮ። ያ የምትታመንበት ክንድ የማን ነው? የመልአክ ነው? አንተም ሰው ነህ፣ እንየው።”

እንየው ተነሣና በቅሎውን ፈትቶ ሄደ።

በዚያው ዓመት፣ ስንት ዘመን ማኅፀኗ ተዘግቶ የኖረችው ሐረገ ወይን ፀነሰች። እንየው እንዲያ ሲደሰት አይቶት የሚያውቅ አልነበረም። ከሰው ሳይቀላቀል፣ ከበሬዎቹ ጋር ብቻውን እየሳቀ ያርስ ነበር ይባላል።

ምጡ የመጣው በነሐሴ፣ ወንዙ በሞላበት ወቅት ነው። ሲነጋ አዋላጇ እማሆይ ወለተ ማርያም እጃቸውን እየታጠቡ ወጡ። “ልጁ ተጋድሟል። ይህ ከእኔ በላይ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ንፋስ መውጫ፣ ድሬሰር የሚሉት ሐኪም አለ ይላሉ። ውጣና ሰው ጥራ።”

“በበቅሎ አደርሳታለሁ።”

“ምጥ የያዛትን በበቅሎ? ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ?”

እሱ ግን በቅሎዋን ጫነ። ሐረገ ወይንን በጋቢ ጠቅልሎ ኮርቻው ላይ አስቀመጣት፤ በአንድ እጁ ደግፎ በሌላው ልጓሙን ይዞ ቁልቁለቱን ጀመረ። እማሆይም በምርኩዛቸው ወደ ሰዉ አዘገሙ።

ቁልቁለቱ እንደ ቅቤ ያዳልጥ ነበር። ከአጋማሹ ላይ በቅሎዋ እምቢ ብላ ቆመች። እንየው ሚስቱን አውርዶ በጀርባው አዘላት። ጥቂት ሄደና ተቀመጠ። ተነሣና እንደገና ሞከረ፤ እንደገናም ተቀመጠ።

ሐረገ ወይን ቀና ስትል ከአፋፉ ላይ ሰዎች ቆመው አየች። “እንየው፣ ያ ይሁኔ አይደለም? ጥራው።”

እሱም አይቷቸዋል። ሊስቁብኝ ቆመዋል ብሎ አሰበ። “ትንሽ ነው የቀረን፤ አይዞሽ፣ እኔ አለሁ።”

“ስለ ማርያም ብለህ፣ ጥራቸው።”

አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። አጎቱ ቤት የዋጠው ሁሉ ጉሮሮው ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ፊቷ አመድ እየመሰለ፣ እጇ እየቀዘቀዘ ሲሄድ፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ “የሰው ያለህ! ወገኖቼ፣ ድረሱልኝ፣ እባካችሁ!” ብሎ ጮኸ።

አፋፉ እንዳለ ተንዶ የወረደ መሰለ። ይሁኔ ከሁሉ ፊት ነበር። ቃሬዛው በትከሻው ላይ ነው።

“ከመቼ ጀምራችሁ ነው የቆማችሁ?” አለ እንየው።

“እማሆይ ከነገሩን ጀምሮ” አለ ይሁኔ፤ ዕንባው ከዝናቡ ጋር ይወርዳል። “ሳትጠራን ብንመጣ ታባርረናለህ ብለን ፈርተን ነው እኮ፣ ወንድሜ።”

አንሥተዋት ወረዱ። እየተቀባበሉ፣ “ማርያም፣ ማርያም” እያሉ ሮጡ። ሐረገ ወይን ዓይኗን ገልጣ በዙሪያዋ ያለውን ሰው አየች፤ ወደ ባሏም ዞረች። “አየህ፣ ስንት ሰው አለን” አለችው።

ከወንዙ ዳር ሲደርሱ ይሁኔ ጎንበስ ብሎ አዳመጣት። ቀና አለና ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ አለበሳት። ተሸካሚዎቹ ተያዩ፤ ቃሬዛውም ሳይሻገር ዞረ። እናትና ልጅ አብረው ተቀበሩ። አፈሩን የመለሰው አገሩ ነው።

እንየው ከዚያ በኋላ ሌላ ሚስት አላገባም። በቅሎዋን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ፤ የትልቅ በሬውን ቆዳም ለቃሬዛው ጠፍር አደረገ። ጥሪ በተሰማ ቁጥር ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ሆነ። ስለ ክንዱ ሲያወራ ግን ዳግመኛ የሰማው የለም።

ጠጉሩ ከነጣ በኋላ በአንድ ክረምት የይሁኔ ምራት ካሣነሽ ምጥ ጠናባት። ወንዙ ሞልቷል፤ እንየውም ከቃሬዛው ፊት ገብቶ ተሸክሟል። ጎረምሶቹ፣ “አባባ እንየው፣ ይልቀቁት፤ እኛ እንበቃለን” አሉት።

“ዝም በሉ! ማዶ ሳትደርስ አልለቅም።”

ውኃው እስከ ደረቱ መጣ፤ ቃሬዛውን ግን አልነካውም። ማዶ ሲወጡ ካሣነሽ አቃሰተችና ውኃ ጠየቀች። አጠጥተዋት ዳገቱን ተያያዙት።

እንየው አልተከተላቸውም። ከዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና፣ ያን ጊዜ ቃሬዛው ሳይሻገር ወደ ተመለሰበት ወደ ወዲያኛው ዳር ተመለከተ።

“ተሻገረች፣ ሐረግዬ” አለ፤ ፊቱንም በእርጥብ ጋቢው ሸፈነ።