አምስት ኪሎ ሜትር የተባለው መንገድ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሜሮን «አባዬ፣ አብረን እንምረጥ» ብላ አዳማ መሐል ከተማ ወዳለ የስልክ መሸጫ ወሰደችኝ። ጠዋት ጠዋት ትሮጣለች፣ እሑድ እሑድ ብስክሌት ትነዳለች፤ የሄደችበትን መንገድ በጂፒኤስ የሚለካ የእጅ ሰዓት ፈልጋ ነው። ሁለት ቀረቡላት። ርካሹ ስልክ ካልተያዘ ርቀት አይለካም። ሌላው ራሱ ከሳተላይት ይቀበላል፣ ባትሪውም ሳምንት ይቆያል፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ሻጩ ውዱን አነሳና «አባባ፣ ይሄ አንድ ሜትር አይዋሽም» አለኝ። ደሜ ፈላ። ሻጩ ልጅ ምንም አላጠፋም፤ ያናደደኝ የቆየ ነገር ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። አባቴ እዚሁ አዳማ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እኔ በእሱ ባለ ሃያ ስምንት ብስክሌት ኤርሲዶን አስሮጠው ነበር። ኤርሲዶ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ አባቱ ከከምባታ መጥተው ወንጂ ሸንኮራ አገዳ ይቆርጡ ነበር። ጎህ ሲቀድ በወንጂ መንገድ ላይ እሱ ይሮጣል፣ እኔ ከኋላው እነዳለሁ። ኅዳር ላይ አገዳው ለቆረጣ ሲቃጠል ጥላሸቱ ሸሚዛችን ላይ ይወርዳል፣ አየሩ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ርቀት የምንለካው በብስክሌቱ ነበር። የጎማውን ዙሪያ በአባቴ ሜትር ለክተናል፤ ሁለት ሜትር ከአሥራ አምስት ሳንቲም ነው። ከጎማው ሽቦዎች በአንዱ፣ በራጂው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረን፣ ጨርቁ በዞረ ቁጥር አንድ እያልን እንቆጥራለን። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን አይሳሳትም።

በዚያ ዓመት የስፖርት ኮሚቴው ማጣሪያ ጠራ። አምስት ኪሎ ሜትር ከአሥራ ስድስት ደቂቃ ተኩል በታች የገባ አዲስ አበባ ሄዶ ይሠለጥናል ተባለ። ለኤርሲዶ ነገሩ ከሩጫም በላይ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ቀበሌ ጎረምሳ እየመዘገበ ነው፤ ለቡድን የተመረጠ ግን አይነካም ይባል ነበር። እኛ በቆጠርነው አምስት ኪሎ ሜትር ኤርሲዶ አሥራ ስድስት ደቂቃ ሞልቶበት አያውቅም።

በማጣሪያው ቀን ሁሉንም ጥሎ አንደኛ ገባ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጅቶበት። የኮሚቴው ጓድ ሰብሳቢ ወረቀቱን አጥፎ «ሰዓቱን ያሟላ የለም» አለ። ልጆቹ መንገዱ ረዝሟል ሲሉት «ለሰነፍ መንገድ ሁሉ ይረዝምበታል» ብሎ በመጣባት የመንግሥት ጂፕ ውስጥ ገባ።

ከሰዓት በኋላ ጨርቄን አስሬ መንገዱን ቆጠርኩት። ሦስት ሺህ ሰባት መቶ አርባ ዙር፤ ስምንት ኪሎ ሜትር። በቀጥታ ወደ ሾፌሩ ወደ ጋሽ ንጉሤ ሄድኩ። ጂፑን እያጠቡ ነበር።

«መንገዱ የተለካው በዚች መኪና ነው?»

«በሷ ነው። እንግሊዝ ሠራሽ ናት፤ የምትቆጥረው በማይል ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉና ማጠባቸውን ቀጠሉ።

አምስት ማይል ስምንት ኪሎ ሜትር መሆኑን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል። ሒሳቤን በወረቀት ጽፌ ለጓድ ሰብሳቢው ሰጠሁት። በማግሥቱ አስጠራኝ።

«የመንግሥት መኪና ትዋሻለች፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ግን አይዋሽም ነው የምትለው?»

«መኪናዋስ አልዋሸችም ጓድ፣ በማይል ነው እንጂ...»

«ሪፖርቱ አዲስ አበባ ሄዷል» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዕድሜህ ስንት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ዕድሜዬ ከኤርሲዶ ጋር እኩል ነው። ማስፈራሪያው ገባኝ። በቆጠራው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ የሚል ወረቀት ተጽፎ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ፈረምኩ። ያ ሰው ስህተቱን ያውቅ ነበር። አውቆ የሰው ልጅ ከሚያድን ወረቀቱን አዳነ።

ጥር ላይ ኤርሲዶን ከሌሎች ጋር በካሚዮን ጫኑት። እናቱ እትዬ አበበች እያለቀሱ ግንባሬን ሳሙኝ፤ «አንተስ ደክመህለት ነበር ልጄ» ብለው ለልጃቸው ስንቅ ካዘጋጁት ቆጮ ቆርሰው እጄ ላይ አኖሩ። በላሁት። ኤርሲዶ ከካሚዮኑ ላይ «ያ የሒሳብ ወረቀትህ እንዴት ሆነ?» ብሎ ጮኸ። «አልተቀበሉኝም» አልኩት። ወደ ሰሜን ሄደ፤ አልተመለሰም።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ። ሁልጊዜ የማቆመው በጋሽ ንጉሤ «ማን ጠየቀኝ?» ላይ ነው፤ ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቅዳሜ ግን እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆሜ ለሜሮን እስከ ፊርማዬ ነገርኳት። ስለ ጓድ ሰብሳቢው ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሌሎች ገበያተኞች ዞረው አዩኝ። እሱን መርገም ቀላል ነው፤ ስረግመው ኖሬያለሁ።

ሜሮን ሰዓቱን ባንኮኒው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«እናቱ በሕይወት አሉ?» አለችኝ።

«አሉ። ወንጂ ናቸው።»

ከሱቁ በር ባጃጅ ቢይዙ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ኤርሲዶ ከተጫነበት ቀን ወዲህ እሳቸው ዘንድ አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም።